ለእግርህ ነው ወይስ ለቁም ሳጥንህ?

«ሃሎ፣ ኢንሹራንስ ነዎት?» አለችኝ በስልክ አንዲት ሴት።

እውነትም የምሠራው ኢንሹራንስ ነው፤ እዚሁ ካዛንቺስ፣ ካሳ ክፍል። ስለዚህ በሥራ ድምፄ «አዎ፣ ምን አደጋ ደረሰብሽ?» አልኳት። «አይ፣ የእማ ደብተር ላይ እንዲህ ተብሎ ስለተጻፈ ነው። ‹ኢንሹራንስ፣ ግራ ጉልበት፣ ግትር› ይላል። የሩቅያ ልጅ ነኝ፣ ሰሚራ። እማ አረፈች ጋሼ፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው» አለችኝ።

ሰው ሲሞት መጀመሪያ ትዝ የሚለው ፊቱ ነው ይባላል። እኔ ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ነው ያየሁት። የውስጥ ሶሉ ካለቀ ዓመት አልፎታል። እትዬ ሩቅያ ቢያዩት ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ፣ ሰው በሌለበት ቢሮ ውስጥ እግሬን ጠረጴዛው ሥር ደበቅሁ።

ሰፈሩ ሳይነሳ በፊት፣ ካዛንቺስ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤትና በአንድ ጁስ ቤት መሃል የቆርቆሮ ሱቅ ነበረቻቸው። በወጣትነታቸው ጫማ ፋብሪካ፣ የውስጥ ሶል የሚቆረጥበት ክፍል ሠርተዋል። ሱቋ ውስጥ ሰልባጅ የሩጫ ጫማ ቢደረድሩም ሰው የሚጎርፈው ለጫማው አልነበረም። ጫማ ውስጥ የሚነጠፈውን፣ እግር የሚያርፍበትን ያንን ስስ ነገር ፍለጋ ነው። እሱን በሰው እግር ልክ ቆርጦ በመሥራት እሳቸውን የሚያህል አላየሁም። መሸጥ ግን አይወዱም። ማለቴ፣ ነጋዴ ሆነው የሚወዱት ሰው መመለስ ነው። «አልሸጥልህም!» ማለት ለእሳቸው እንደ «እንደምን ዋልክ» ነበር።

እኔ የሄድኩት መሥሪያ ቤታችን ለዓመቱ የጎዳና ሩጫ ቡድን ያቋቋመ ጊዜ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር። በቦርጬ አዝኜ ተመዘገብኩ፣ ምርጥ ጫማ ገዛሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ግራ ጉልበቴ ደረጃ አላስወጣ አለኝ። የቢሮ ሰዎች «ሩቅያ ጋ ሂድ፤ ስድቡን ግን ቻለው» አሉኝ። በምሳ ሰዓት ሄድኩ።

«ምን ፈለግህ?»

«ለሩጫ የሚሆን የውስጥ ሶል። አርባ ሁለት ቁጥር።»

«አርባ ሁለት የጫማህ ነው። የእግርህን ማን ነገረህ? ማታ ና።»

«ሱቁ ክፍት ነው እኮ።»

«ሱቁ ክፍት ነው፤ እግርህ ገና ነው። እግር የሚለካው ቀኑን ሙሉ ውሎ፣ አበጥ ሲል ነው። ደግሞ የምትሮጥበትን ካልሲ አድርገህ ና፣ ያረጀ ጫማህንም ይዘህ።»

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሼ መጣሁ። አሮጌውን ጫማዬን ገልብጠው ተረከዙን አዩት። በውስጥ በኩል ተበልቷል። «አየህ፣ እግርህ ወደ ውስጥ ይተኛል፤ ጉልበትህም ተከትሎት ይተኛል። ሰው ፊቱን ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ያሳምራል። ተረከዙን ግን ማን ያሳምረዋል? እውነቱ ያለው እዚያ ነው» አሉኝ። ከዚያ ጫማዬን አውልቅ አሉኝ። አወለቅሁ። አውራ ጣቴ ከካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብላ ቁጭ አለች።

«የት ነው የምትሠራው?»

«ኢንሹራንስ።»

«ታዲያ ካልሲህን ምነው ኢንሹራንስ ሳታስገባው ቀረህ?»

ጁስ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ኢንሹራንስ ሆኖ ቀረ፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ባዶ እግሬን ውሃ ባለበት ሳፋ ነክረው ካርቶን ላይ አስቆሙኝ። ስነሳ እግሬ በውሃ ተስሎ ቀረ። መሃሉ ጎደል ማለት ሲገባው የእኔ ሙሉ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሳይደርቅ ዙሪያውን በእስክርቢቶ አዞሩት። «መሃሉ የጎደለ እግር አለ፣ እንደ ድልድይ የተነሳ አለ፣ ሙሉውን የሚተኛ አለ። ለሦስቱም አንድ ሶል መስጠት ለሦስት ልጆች አንድ መነጽር መግዛት ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ካርቶኔን ሽቦ ላይ ሰቀሉት። ሱቋ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የካዛንቺስ ሰው እግር ተሰቅሏል። ሁሉም ላይ ስም አለ፤ «ባንክ»፣ «ወፍራሙ»፣ «የኡራኤሏ ነርስ»። ከሁሉም በላይ ግን ለብቻው የተሰቀለ፣ ስም የሌለው አንድ ካርቶን ነበር። እግሩ ከጣት እስከ ተረከዝ ልጥፍ ያለ፣ አንዲት ጎደሎ የሌለው።

«ይኼ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የአንዲት ሞኝ ሴት» አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

እሳቸው ራሳቸው በክረምት በበጋ ሸበጥ ነበር የሚያደርጉት። ለሰው ሁሉ ጫማ የሚመርጡት ሴትዮ በላስቲክ ሸበጥ! ስጠይቃቸው «እኔ የት እሄዳለሁ? ከመደርደሪያ እስከ በር ነው» ይላሉ። የሩጫው ነገር ሲነሳ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ማስቲሽ የያዘውን እጃቸውን አየር ላይ ትተው፣ «ሴቶችም አሉ? እንደኔ ያለች አሮጊትም ትሮጣለች?» ብለው ይጠይቃሉ።

«ሞልተው! ከእርስዎ የሚበልጡም አሉ።»

«ወላሂ? እኔ እኮ በልጅነቴ ከፋብሪካ እስከ ቤቴ እየሮጥኩ ነበር የምገባው። ታክሲ ካልሆነ ሰው አይቀድመኝም። ኢንሻአላህ፣ በሚመጣው ዓመት እኔም እወርዳለሁ።»

ይህን ምኞታቸውን ያልሰማ ደንበኛ አልነበረም። በየዓመቱ እንሰማዋለን፤ በየዓመቱ በሚመጣው ዓመት ነው።

አለቃዬን አቶ ፍሥሐን እሳቸው ጋ የወሰድኩበትን ቀን ደግሞ እስክሞት አልረሳውም። ጉዳዩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤታችን ለሯጮቹ የውስጥ ሶል እንዲገዛ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ፣ አድልዎ እንዳይኖር በሚል ለሁላችንም አንድ ዓይነት ወፍራም፣ ሰማያዊ፣ ለስላሳ ሶል ገዛ። በሳምንቱ መሥሪያ ቤቱ አነከሰ። አንድ ደንበኛ የመኪናውን ካሳ ሊጠይቅ መጥቶ ካሳ ክፍል በሙሉ እያነከሰ ሲንቀሳቀስ ቢያይ «እናንተ ደግሞ ምን ገጭቷችሁ ነው?» አለን።

እኔ እንኳ የኮሚቴውን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ነው የጣልኩት፤ እትዬ ሩቅያን መፍራት ይበልጥብኝ ነበር። አቶ ፍሥሐ ግን የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸውና በኩራት ይዘውት ሄዱ። እትዬ ሩቅያ ሶሉን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ሰመጠ። ለሁለት አጠፉት። እንደ ሶፍት ታጠፈ።

«የእኔ አውራ ጣት እዚህ ከሰመጠ ያንተ ኪሎ የት ሊደርስ ነው? ለስላሳ ነገር ይመቻል እንጂ አይደግፍም። ፍራሽ ላይ ቆመህ ታውቃለህ?»

አቶ ፍሥሐ በሕይወታቸው «አንተ» ያላቸው ሰው ስላልነበረ ዞረው እኔ ላይ አፈጠጡ። እትዬ ሩቅያ የሰውዬውን ጫማ ተቀብለው እጃቸውን ከተቱበት። አንድ ሶል አወጡ፤ ከጫማው ጋር የመጣው ነው። ሁለተኛ አወጡ፤ የኮሚቴው። ቀጥለው ሦስተኛ አወጡ፤ ሜክሲኮ ከመንገድ ላይ የተገዛ። ሦስቱንም ጠረጴዛው ላይ አነባበሯቸው። እንግዲህ አቶ ፍሥሐ አጭር ሰው ናቸው፤ ይህን እኛ እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ግን አይነሳም።

«እኔ የምለው፣» አሉ እትዬ ሩቅያ ሶሎቹን በጣታቸው እየቆጠሩ፣ «ለጉልበትህ ነው ወይስ ለቁመትህ?»

እኔ ፊቴን ወደ ጁስ ቤቱ አዙሬ ስለ አቮካዶ ማሰብ ጀመርኩ። አቶ ፍሥሐ ሶሎቻቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ለአንድ ወር ያህልም ሰላምታቸው ቀነሰብኝ።

የእትዬ ሩቅያ ጥያቄ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ «ለዚህ ነው ወይስ ለዚያ?» መልስ አይፈልጉም። ሰውዬው ራሱ ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ካወቀ ይበቃቸዋል።

የእኔን ሶል ሲጨርሱ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ከታች ጠንካራ ቆዳ፣ ከላይ ስስ ስፖንጅ፣ ተረከዙ እንደ ጎድጓዳ ሰሃን፣ መሃሉ ላይ የሚተኛውን እግሬን ቀና የምታደርግ ጉብታ። ከጫማው ጋር የመጣውን ሶል ግን አልመለሱልኝም። «እኔ ጋ ይቆያል። ካለበለዚያ ያኛውን እዚህኛው ላይ ትደርብና እንደ አለቃህ ተረከዝህ ከጫማ ይወጣል» አሉ። ቀጥለው ጣታቸውን ቀሰሩ። «ስማ፣ ዛሬውኑ አድርገው። መጀመሪያ ሂድበት፤ ቢሮ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን። ከዚያ ትንሽ ትንሽ ሩጥበት። እግርህና ሶሉ ይተዋወቁ። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

ምን አደረግሁ? ቤት ወስጄ ሳየው በጣም ያምራል። እኛ ቤት ደግሞ አዲስ ነገር ያለ በዓል አይነካም። ልጅ ሆኜ ለፋሲካ የተገዛልኝ ጫማ ፋሲካ እስኪደርስ አንድ ቁጥር ጠቦኝ ያውቃል። ስለዚህ ሶሉን አዲሱ ጫማ ውስጥ አደረግሁና ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ የሩጫው ዕለት አዲስ ሆኖ እንዲደርስልኝ። ልምምዱን በአሮጌው ጫማ ጨረስኩ። አይ እኔ!

የሩጫው ቀን ደረሰ። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጉብታዋ እግሬን ትቆረቁረኝ ጀመር፤ ቀጥሎ እንደ እሳት አቃጠለኝ። ኡራኤል አካባቢ ስደርስ የምራመደው በእግሬ ሳይሆን በጥርሴ ነው። ቀና ብል እትዬ ሩቅያ አስፋልቱ ዳር የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ በሸበጣቸው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጆንያ የሚያህል ፌስታል። ከፊታቸው ጠርዙ ላይ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ባዶ እግራቸውን ተደርድረዋል።

«ና ኢንሹራንስ፣ አራተኛ ነህ! ተራህን ያዝ!»

ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ እየጨፈረ፣ እየዘፈነ በፊታችን ያልፋል፤ አንዳንዱም ቆሞ ፎቶ ያነሳናል።

«መቼ ነው ያደረግኸው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

እትዬ ሩቅያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ መቱ። «ዛሬ ጠዋት! ይኼኛውም ዛሬ ጠዋት፣ ያቺም ዛሬ ጠዋት! ምን ጉድ ነው እናንተ ሰዎች? ለእግርህ ነው የሠራሁልህ ወይስ ለቁም ሳጥንህ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል አልሰማህም? ነገር አስቀምጦ የጠቀመው ማን አለ?»

ፌስታላቸው ውስጥ እጃቸውን ከተው የድሮ ሶሌን አወጡ። «ኢንሹራንስ» ተብሎ ተጽፎበታል። የሁሉንም ደንበኛ ሶል ይዘው መጥተው ነበር። በየዓመቱ እንዲሁ እንደሚያደርጉ ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ሶሌን እየቀየሩልኝ ሳለ ቲሸርታቸው ትዝ አለኝ። ያን ዓመት በራሴ እጅ አስመዝግቤያቸው፣ ቲሸርቱን ስሰጣቸው ደረታቸው ላይ ለክተው እንደ ልጅ ስቀው ነበር።

«እርስዎስ? አብረን እንወርዳለን አልተባባልንም?»

«ታዲያ እናንተን ማን ይጠብቅ? በሚመጣው ዓመት» አሉና ጀርባዬን በጥፊ መቱኝ። «ተነስ፣ ሩጥ! ቀስ ብለህ!»

ጨረስኩ። ከመሥሪያ ቤታችን ሰው ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆኜ ጨረስኩ፤ ይኼው ሜዳሊያው ቢሮዬ ተሰቅሏል። ሶሉንም በነጋታው ጀምሬ እንደታዘዝኩት አደረግሁት። ጉልበቴ እንደዚያ ሰሞን ጤና ሆኖ አያውቅም።

ከዚያ ሰፈሩ ተነሳ። ፎቶ ኮፒ ቤቱም ጁስ ቤቱም የሩቅያ ሱቅም በአንድ ሰሞን ሄዱ። እሳቸው ካርቶኖቻቸውን በጆንያ ጠቅልለው ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ገቡ። አልፎ አልፎ ይደውሉልኝ ነበር። «ና እንጂ፤ ሶልህ አልቋል።»

«በምን አወቁ?»

«በድምፅህ። ስትናገር ታነክሳለህ።»

«በሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ስንት ቅዳሜ አለፈ መሰላችሁ? ሩቅ ቢሆን አይቆጨኝም፤ ሁለት ታክሲ ነው።

ለቅሶ ቤቱ በር ላይ የሰው ጫማ ተደርድሯል። የእኔን ሳወልቅ ካልሲዬን አየሁ፤ ተመስገን፣ ደህና ነው። ከጫማዎቹ መሃል አንዱን አወቅሁት። ገባ ብዬ ሳይ እውነትም አቶ ፍሥሐ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ያለ ጫማ ምንጣፍ ላይ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፣ ከተደገፉት ትራስ እኩል ሆነዋል። «እርስዎም ደንበኛቸው ነበሩ ማለት ነው?» አልኳቸው በሹክሹክታ። «አንተ ባዋረድከኝ በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ቆረጡልኝ። ሲሰጡኝ ‹ለቁመትህም ትንሽ ጨምሬበታለሁ፤ ለማንም አትንገር› አሉኝ። ይኼው እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።»

ሰሚራ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ማታ ወደ ቤት ስትገባ እናቷን አርፈው እንዳገኘቻቸው ነገረችኝ፤ ልባቸው ነው፣ ሳይታመሙ። ቀጥላ ተነስታ መኝታ ቤት ገባችና አንድ የጫማ ካርቶን ይዛ ወጣች። «ጋሼ፣ ከቁም ሳጥኗ ውስጥ ያገኘነው ነው። ምን እንደምናደርገው ጨነቀን።»

ከፈትኩት። ቤት ውስጥ ብርሃን የጨመረ የሚመስል ብርቱካናማ የሩጫ ጫማ፤ መሬት ነክቶ የማያውቅ። ውስጡ የእሳቸው እጅ ሥራ የሆነ ሶል፣ ጥንቅቅ ያለ፣ ከሠሩልን ሁሉ የበለጠ። ከጫማው ሥር ያ ያስመዘገብኳቸው ዓመት ቲሸርት፣ ከነላስቲኩ። ከሁሉም በታች ደግሞ ያ ስም የሌለው ካርቶን፣ ልጥፍ ያለው እግር።

«ይኼ የማን እግር ነው?» አልኳት።

«የራሷ ነዋ» አለች ሰሚራ።

ለካ «የአንዲት ሞኝ ሴት» ያሉኝ ራሳቸውን ኖሯል። እኛን ኡራኤል ላይ አስቀምጠው ልክ ልካችንን የነገሩን ሴትዮ፣ የራሳቸውን ለአንድ ቀን፣ ለዚያ ለሚመጣው ዓመት ቆልፈውበት ኖረዋል። በጣም ተናደድኩ፤ በእሳቸውም፣ በራሴም፣ በእነዚያ ቅዳሜዎችም። ሳላስበው ጮክ ብዬ «ምነው እትዬ ሩቅያ፣ ለእግርዎ ነው የሠሩት ወይስ ለቁም ሳጥንዎ?» አልኩ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ኧረ በስመ አብ፣ ምን አልኩ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መጀመሪያ የሳቀችው ሰሚራ ናት፤ እንባዋ እየወረደ። አቶ ፍሥሐ ተከተሉ። ቀጥሎ ያ ሁሉ የተሰደበ ደንበኛ፣ ባንኩም ነርሷም፣ በየጥጉ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አንቺስ? ሠርተውልሽ ያውቃሉ?» አልኳት ሳቁ ሲበርድ።

«ለእኔ? ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው፤ እግሬ ሲነድ ነው የሚያድረው። ‹ቆይ የሰዎቹን ልጨርስ› ትለኝ ነበር። መቁረጡን እኮ ከልጅነቴ ስለረዳኋት እኔም እችላለሁ። የማልችለው መስደቡን ነው።»

«በይ እንግዲህ ሳፋ አምጪ።»

ውሃ መጣ። ሰሚራ እግሯን ነክራ በጫማው ካርቶን ክዳን ላይ ቆመች። ስትነሳ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ። ከጣት እስከ ተረከዝ ልጥፍ ያለ፣ አንዲት ጎደሎ የሌለው። የእናቷን ካርቶን አጠገቡ አኖርነው፤ ልክ ለልክ። የሰው ሶል አይደረግም ይሉ የነበሩት እትዬ ሩቅያ እንኳ ይኼን ቢያዩ አፋቸውን ይዘጉ ነበር። ሰሚራ እግሯን ጠረገችና ጫማውን አጠለቀች፣ ማሰሪያውን አሰረች፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ጎንበስ ብላ እግሯን ታየው ነበር።

ከአቶ ፍሥሐ ጋር ስንወጣ እስከ ታክሲው ሸኘችን፤ ከላይ ጥቁር በጥቁር፣ ከታች ብርቱካናማ። ደረጃው ላይ አንዲት ጎረቤት «አንቺ ልጅ፣ በእናትሽ ለቅሶ? ሰው ምን ይላል?» አሏት። «ያለውን ይበል፤ ለእግሬ ነው» አለቻቸው።

ታክሲው ቆሞ ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ይላል። ልገባ ስል ሰሚራ ጎንበስ ብላ ጫማዬን አየችው፣ ጣቷን ተረከዜ ሥር ሰካ አድርጋ ነካ ነካ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ይኼ ሶል ነው ወይስ የሻይ ማጣሪያ?»

አቶ ፍሥሐ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ «በሚመጣው ቅዳሜ…» ብዬ ጀመርኩና አፌን ያዝኩ። ረዳቱ «ትገባለህ አትገባም?» አለኝ። «ሂድ» አልኩት። አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ አቶ ፍሥሐም ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጎኔ ተቀመጡ፣ የራሳቸውንም ፈቱ።